ሽጉጥና ጥገናው፦ የትኛው ዓይነት ምን ያህል እንክብካቤ ይሻል?

በአማርኛ ሽጉጥንና ጠመንጃን «ብረት» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ስያሜው ግን ሊያሳስት ይችላል። ሽጉጥ አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ፣ የሚጋጩና የሚላወሱ በርካታ ክፍሎች የተገጣጠሙበት ማሽን ነው። በስፋት የታወቀው 9 ሚሊሜትር ጥይት ሲተኮስ በአፈሙዙ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 2350 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህን ጫና ደጋግሞ የሚሸከም መሣሪያ ያለ እንክብካቤ ሊዘልቅ አይችልም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሽጉጥ አንድ ዓይነት እንክብካቤ አይፈልግም። አንዱ ቸል መባልን ይችላል፤ ብዙ መተኮስን ግን አይችልም። ሌላው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ልዩነቱ የሚመነጨው ከአሠራራቸው ነው።

ሪቮልቨር፦ መቀመጥን የሚችል፣ መጎሳቆልን የማይወድ

ሪቮልቨር ጥይቶቹን የሚይዘው በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ነው። ከበሮውን የሚያዞረው የተኳሹ የጣት ጉልበት በመሆኑ፣ መሣሪያው ቀጣዩን ጥይት ለማቅረብ የባሩዱን ኃይል አይጠብቅም። ስለዚህ ዘይቱ ቢደርቅም፣ ለወራት ሳይነካ ቢቀመጥም፣ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። «ሪቮልቨር ጥገና አይፈልግም» የሚለው አመለካከት የመጣውም ከዚህ ነው።

እውነታው ግን ሌላ ገጽታ አለው። ከበሮው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ የጥይት ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ይህን የሚያደርጉት ጥቃቅን ክፍሎች በአጠቃቀም ብዛት፣ በተለይም ከበሮውን በኃይል እየወረወሩ በመዝጋት ያልቃሉ። ግጥሙ ሲዛባ ጥይቱ የአፈሙዙን ጠርዝ ፍቆ ያልፋል፤ የእርሳስ ፍንጣሪም ወደ ጎን ይረጫል። ይህን ማስተካከል በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሳይሆን የባለሙያ ሥራ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ የቀረበው ይህ ሽጉጥ ለመሸከም ቀላል በመሆኑ በአሜሪካ ፖሊሶች ዘንድ ተወዳጅ ነበር። ክብደታቸው ቀላል የሆነ፣ ፍጥነታቸው ግን ከፍተኛ የሆነ የማግነም ጥይቶች በብዛት ሲተኮሱበት ግን ጥይቱ ከከበሮው ወደ አፈሙዙ በሚገባበት ቦታ ላይ መሰንጠቅ ታየ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዚያ ቦታ ወፍራም ብረት ያላቸውን ሪቮልቨሮች ለገበያ አቀረበ።

ራስ ገዝ ሽጉጥ፦ ሥራን የሚችል፣ ድርቀትን የማይወድ

በካዝና የሚሠራው ራስ ገዝ ሽጉጥ የሚንቀሳቀሰው ከተኩሱ በሚገኘው ኃይል ነው። የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ ያስወጣል፤ በሞላ ተገፍቶ ሲመለስ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ ክፍል ውስጥ ነው። ዘይት ሲደርቅ፣ ጥላሸት ሲጠራቀም ወይም ሞላው ሲደክም እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ ጥይቱም መንገድ ላይ ይቀረቀራል።

በዚህ ዓይነት ሽጉጥ በቅድሚያ የሚያረጀው ሞላው ነው። በኮልት 1911 ዓይነት ባለ .45 ሽጉጥ ላይ ዋናውን ሞላ ከ2000 እስከ 3000 ጥይት ባለው ጊዜ፣ በቤሬታ 92 ላይ ደግሞ በ5000 ጥይት ገደማ መቀየር የተለመደ ምክር ነው። ሞላን በዋነኛነት የሚያደክመው ተጨምቆ መቀመጡ ሳይሆን ደጋግሞ መጨመቁና መለቀቁ ነው። ስለዚህ ብዙ የተተኮሰበት ሽጉጥና በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥ በዕድሜ እኩል ቢሆኑም የጥገና ፍላጎታቸው እኩል አይደለም።

የኮልት 1911 ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። የአሜሪካ ጦር ሽጉጡን ከመቀበሉ በፊት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 በተደረገው ፈተና 6000 ጥይት ያለ አንዳች ብልሽት ተተኩሶበታል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን በፈተናው ወቅት በየ100 ጥይቱ እንዲቀዘቅዝ መደረጉ፣ በየ1000 ጥይቱም ተወልውሎ ዘይት መቀባቱ ነው። ዝነኛው ጽናት የተገኘው ከንድፉ ብቻ ሳይሆን ከእንክብካቤውም ጭምር ነበር።

የክፍሎች ቁጥርና የብረቱ ዓይነት

ጥገናን የሚያቀልለው ሌላው ነገር የክፍሎች ማነስ ነው። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17 የተሠራው ከ34 ክፍሎች ሲሆን፣ የታችኛው አካሉ ከማይዝግ ፖሊመር የተበጀ ነው። የሶቪየት ኅብረት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለውና በኢትዮጵያም ስሙ የታወቀው ማካሮቭ ደግሞ በሌላ ብልሃት ይታወቃል። በእጀታው ውስጥ ያለው አንድ ጠፍጣፋ ሞላ መቺውን ያንቀሳቅሳል፣ ቃታውን ይመልሳል፣ የታችኛው ጫፉም ካዝናውን ይይዛል። አንድ ክፍል ሦስት ሥራ ሲሠራ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ይቀንሳል።

ብረትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀረበው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 60 የመጀመሪያው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሪቮልቨር ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ብረት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስስ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ሆኖም ላብና የባሕር ጨው ይህን ሽፋን ሊበሱት ስለሚችሉ «የማይዝግ» የሚለው ቃል ፍጹም ዋስትና አይደለም።

ተራ ብረት በአየር ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የዝገቱ ፍጥነት በግልጽ ይጨምራል። ስለዚህ እርጥበትና ጨው በበዛበት የባሕር ዳርቻ የሚቀመጥ መሣሪያ በደረቅ ደጋ ከሚቀመጠው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ቆዳም እርጥበት ስለሚይዝ ሽጉጥን በቆዳ ማኅደር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ አይመከርም።

የድሮ ጥይቶች ጉዳት ደግሞ ለብቻው መታወቅ አለበት። በመለኮሻቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎሬት ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው እርጥበትን እየሳበ አፈሙዙን ከውስጥ ይበላል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ አፈሙዙ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በሚገባ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባል።

ጥገናው ራሱ አደጋ እንዳይሆን

ከዝገትና ከሞላ መድከም ይልቅ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ሽጉጡ በሚወለወልበት ሰዓት ነው። ባዶ ነው ተብሎ የሚፈታ መሣሪያ ሰው ይገድላል።

በራስ ገዝ ሽጉጥ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ተደርጎ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወገዳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ተንሸራታቹ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል፤ ባለቤቱም ባዶ አደረግሁት ብሎ ያሰበው ሽጉጥ ጥይት እንደያዘ ይቀራል። ግሎክን ለመፍታት ቃታውን መሳብ ግድ በመሆኑ ይህ ስሕተት በእርሱ ላይ እጅግ አደገኛ ነው። ቤሬታ 92 ግን ቃታው ሳይሳብ ይፈታል። በማናቸውም ላይ ቢሆን ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ፣ ጥይቶችንም ከክፍሉ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አደጋ ያለ ዕውቀት መጠገን ነው። መቺውን ይዞ የሚያቆመው ጠርዝ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሊሆን ይችላል። ቃታው እንዲቀልል ተብሎ ያ ጠርዝ በሞረድ ሲነካ፣ ሽጉጡ ሲወድቅ ወይም ሲነቀነቅ በራሱ ሊተኩስ ይችላል። መወልወል፣ ዘይት መቀባትና ሞላ መቀየር የባለቤቱ ድርሻ ሲሆኑ፣ ከዚህ ያለፈው ለጠመንጃ ሠሪ የሚተው ነው።

ሦስተኛው በዓይን የማይታየው እርሳስ ነው። በብዙ ጥይቶች መለኮሻና ዐረር ውስጥ ያለው እርሳስ ከጥላሸቱ ጋር በጨርቁና በእጅ ላይ ይቀራል። የሕፃናት አንጎል ለዚህ መርዝ እጅግ ተጋላጭ ነው። ስለዚህ ሽጉጥ በምግብ ጠረጴዛ ላይ አይወለወልም፤ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ልጅ አይታቀፍም።

በአጠቃላይ፣ «የትኛው ሽጉጥ ጥገና አይፈልግም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አንዱም» ነው። ጥቂት የሚተኮስና ብዙ የሚቀመጥ መሣሪያ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ብዙ የሚተኮስ መሣሪያ ጠላቱ ድካምና ጥላሸት ነው። ይህን ለይቶ ለማወቅና ለመንከባከብ ጊዜ የሌለው ሰው፣ መሣሪያውን በቤቱ ለማኖር መወሰኑን ዳግመኛ ሊያስብበት ይገባል።