ትምህርት ቤቱ ሞልቷል፤ ልጆቹስ ያነባሉ?

ስለ ትምህርት ሲነሳ ገበሬው አስቀድሞ የሚያሳየው ቤቱን ነው። ድንጋይ ተሸክመን፣ እንጨት ቆርጠን፣ ቆርቆሮ አልብሰን ሠራነው ይላል። እውነቱን ነው። በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ብዙው ትምህርት ቤት የገበሬው ጉልበት አለበት። ነገር ግን ቤት መሥራትና ማስተማር አንድ አይደሉም።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የሁለተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትኖ ነበር። ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል ከተሰጠው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ። ከላይ የታየው ጉድለት ሥሩ ከታች ነው።

ታዲያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራል? መምህር ይመድባል፣ መጽሐፍ ያከፋፍላል፣ ሱፐርቫይዘር ይልካል። በጀቱ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለሌላው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሪፖርት ሲጠየቅም ለመቁጠር የሚቀለው የተመዘገበ ልጅ ነው። ያነበበውን ለመቁጠር ግን እያንዳንዱን ልጅ አጠገብ አስቀምጦ መስማት ያስፈልጋል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ተደረገ፤ እየታየ እንዲታገዝም ታስቦ ነበር። ማለፉ ሠራ፤ መታገዙ በብዙ ቦታ ቀረ።

በአዊ የቋንቋም ጉዳይ አለ። ብዙ ልጅ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በአውኚ ነው። አውኚ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ መሆኑ መልካም ነው፤ ልጁ ፊደሉን ከሚያውቀው ቃል ጋር ያገናኛል። ሆኖም አውኚ የሚናገር ሁሉ አውኚን ማስተማር አይችልም። መምህሩ መሠልጠን፣ መጽሐፉም መኖር አለበት። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመት አጥተዋል።

አጨዳ ሲደርስ ልጁን የምናስቀረው ግን እኛው ነን፤ ይህን በወረዳው ማሳበብ አይቻልም።

ፊደል የቆጠራችሁ ወላጆች ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ለልጃችሁ በቃሉ የያዘውን ሳይሆን ያላየውን ገጽ ክፈቱለት። ያንብብ፤ ከዚያ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካቃተው አትቆጡት። ነገሩን ወደ ወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ስለ አጥርና ቆርቆሮ ብቻ አይወራ፤ «ሦስተኛ ክፍል ካሉት ስንቱ ያነባል?» ተብሎ ይጠየቅ። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣም ቁጥሩን በደብተሩ ይጻፈው።