ተጣርቶም ሐይቅን የሚያበላሽ ውሃ

ስለ ውሃ ጥበቃ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናወግዘው በዓይን የሚታየውንና በአፍንጫ የሚሸተተውን ቆሻሻ ነው። በዚህ እትም የምንመለከተው ግን ተጣርቶ፣ ሽታው ጠፍቶ ወደ ሐይቅ የሚገባውን ፍሳሽ ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው በአሜሪካ በሲያትል ከተማ አጠገብ ያለውን የዋሽንግተን ሐይቅን ነው፤ በዚያ አካባቢ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ የፍሳሽ ማጣሪያዎች እየተበራከቱ ሄደው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በየቀኑ 76,000 ሜትር ኩብ ያህል የተጣራ ፍሳሽ ይለቁበት ነበር። ማጣሪያዎቹ ሥራቸውን አላጓደሉም፤ ዝቃጩንና የሚበሰብሰውን ያስቀሩ ነበር። በውሃው ውስጥ የሟሟው ፎስፎረስ ግን አብዛኛው አልፎ ይሄዳል።

ፎስፎረስ በራሱ ክፋት የለውም። ገበሬው ዳፕ በሚለው ማዳበሪያ ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው። እርሻን የሚያፋፋ ነገር ሐይቅንም ያፋፋል፤ ሆኖም በሐይቅ የሚበቅለው ጤፍ ሳይሆን ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። 1 ኪሎ ፎስፎረስ በደረቁ ሲመዘን 100 ኪሎ ያህል ዋቅላሚ ሊያበቅል ይችላል። ዋቅላሚው ሞቶ ወደ ታች ሲሰጥም፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በጥልቁ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርሱት ዓሣው ይታፈናል።

በ1955 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ኤድመንድሰንና ባልደረቦቹ በሐይቁ ውስጥ ኦሲላቶሪያ ሩበሰንስ የተባለውን ዋቅላሚ አገኙ። ይህ ዋቅላሚ ቀደም ሲል በስዊዘርላንድ የዙሪክ ሐይቅ ሲበላሽ የታየ ስለ ነበረ፣ ወደ ፊት የሚመጣውን መገመት አላዳገታቸውም። ፍሳሹን ከሐይቁ የማራቅ ሐሳብ በ1958 መጀመሪያ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በድጋሚ ቀርቦ አለፈ። እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ሕዝቡ ወጪውን ለመሸከም የወሰነው ሐይቁ ገና ወደ ከፋው ደረጃ ሳይደርስ መሆኑ ነው። ሥራው ከ1963 እስከ 1968 ተከናወነ። በ1963 ከ1 ሜትር ብዙም የማያሳየው ውሃ፣ ዳፍኒያ የተባሉት ዋቅላሚ በል ደቃቅ እንስሳትም በዝተው ስለ ረዱት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ያሳይ ጀመር።

ይሁን እንጂ ያ ፍሳሽ የተወሰደው ወደ ባሕር ነው። ባሕር የሌለው አገር ፎስፎረሱን እዚያው በማጣሪያው ውስጥ ማስቀረት ይኖርበታል፤ ይኸውም የአሉሚኒየም ወይም የብረት ጨው ጨምሮ በማዝቀጥ፣ አለዚያም ፎስፎረስን በሰውነታቸው በሚያከማቹ ባክቴሪያዎች ነው። እንግዲህ በከተማችን ማጣሪያ ሲሠራ «ውሃው ይጠራል ወይ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ፎስፎረሱስ?» ብለንም መጠየቅ ይገባናል።

መምህራን ይህን ለልጆች ለማሳየት ሁለት የመስታወት ጠርሙሶች በኩሬ ውሃ ይሙሉ፤ በአንዱ ብቻ ጥቂት የዳፕ ፍሬዎች ጨምረው ሁለቱንም ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ ያኑሩ። ልጆቹ እንዳይቀምሱት ጠርሙሶቹን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀለማቸውን ያስተያዩ።