ሳይጀመር የቀረ ጥናት
ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲሁም ለወላጆች የቀረበ የሳይንስ ትምህርት



በካምፕ ውስጥ «የሕክምና ጥናት ሊደረግ ነው» ይባልና ስብሰባ ይጠራል፤ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ይጠፋል። ያን ጊዜ አንዱ «ገንዘቡን በልተውት ነው» ይላል። ሌላው «መድኃኒቱ መርዝ መሆኑ ታውቆ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ስማችንን ጽፈው ወስደዋልና ኬዛችን ይንቀሳቀስ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል። ሦስቱም ሳያጣሩ የተናገሩ ናቸው። ጥናት ሳይጀመር የሚቀርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ምክንያት የሚያሳዝን፣ አንዳንዱም የሚያስደስት ነው። በዚህ ትምህርት ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን እንመለከታለን።

1. ከጥናቱ በፊት ምን ይደረጋል?

አንድ አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ተመራማሪዎች ዕቅዳቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ። ምን ሊያውቁ እንደፈለጉ፣ ስንት ሰው እንደሚያስፈልጋቸው፣ ጉዳት ቢደርስ ምን እንደሚያደርጉ ይገልጻሉ። ዕቅዱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምራል። ኮሚቴው «አይሆንም» ወይም «አስተካክላችሁ ተመለሱ» የማለት ሥልጣን አለው። ከዚህ ሌላ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። አሜሪካ እንዲህ ያለውን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ከፍታለች፤ አፍሪካም በደቡብ አፍሪካ የሚገኝ የራሷ መዝገብ አላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። «ጥናቱ ተመዘገበ» ማለት ሰዎች ተመዘገቡ ማለት አይደለም። የተመዘገበው ዕቅዱ ነው። ከስደተኛ ምዝገባም፣ ከራሽን ካርድም፣ ከሪሴትልመንትም ጋር አይገናኝም።

2. ሦስት ቃላት

ጥናት ሲቆም መዝገቡ ላይ ከሦስት ቃላት አንዱ ይጻፋል፤

ሀ. ለጊዜው የታገደ፡- ቆሟል፤ ግን ሊቀጥል ይችላል።
ለ. የተቋረጠ፡- ሰዎች ከገቡበት በኋላ ከታቀደው ጊዜ በፊት ቆሟል፤ አይቀጥልም።
ሐ. የተሰረዘ፡- አንድም ሰው ሳይገባበት ቀርቷል። በተሳታፊዎች ቁጥር ቦታ 0 ይጻፋል።

የዛሬው ትምህርታችን በተለይ 0 የሚለውን ቁጥር ይመለከታል። 0 ማለት ማንም አልተወጋም፣ ማንም ክኒን አልዋጠም፣ በማንም ላይ አልተሞከረም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የጥናቱ ስም ከመዝገቡ አይፋቅም። ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ሐሳብ ቢያነሳ ቀድሞ ምን እንደገጠመ እንዲያይ እዚያው ይቆያል።

3. በሽተኛ በመጥፋቱ የቀረ፡ ኡጋንዳ

እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2022 ኡጋንዳ የኢቦላ ወረርሽኝ መግባቱን አስታወቀች። የታየው ሱዳን የተባለው የኢቦላ ዓይነት ነበር። ቀደም ሲል የተፈቀደው የኢቦላ ክትባት ዛየር ለተባለው ዓይነት የተሠራ በመሆኑ ለዚህኛው አገልግሎት አልሰጠም። ስለዚህ በሙከራ ላይ ያሉ ሦስት ክትባቶችን ለመፈተን ዕቅድ ወጣ። ዘዴው በበሽተኛው ዙሪያ ያሉትን፣ ማለትም አብረውት የኖሩትንና ያስታመሙትን፣ እንደ ቀለበት ከቦ መከተብ ነው።

በዚህ መካከል የኡጋንዳ ጤና ሠራተኞች በሽተኞችን እየለዩ፣ የነኳቸውን ሰዎች እየተከታተሉ በሽታውን አፈኑት። የመጨረሻው በሽተኛ ኅዳር 30 ቀን ከሕክምና ጣቢያ ወጣ። የመጀመሪያው 1,200 ዶዝ ክትባት አገሪቱ የገባው ታኅሣሥ 8 ቀን ነበር። (በዚህ ትምህርት የተጻፉት ወራትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክትባቱ ደረሰ፤ ቀለበት የሚሠራበት አዲስ በሽተኛ ግን አልነበረም። ጥር 11 ቀን 2023 ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። በምርመራ ከተረጋገጡት 142 በሽተኞች 55ቱ ሞተዋል፤ 87ቱ ድነዋል። በቀለበት ዘዴ የታቀደው ጥናት አንድም ሰው ሳይገባበት ቀረ።

ታዲያ ድካሙ ከንቱ ነበር? አልነበረም። ዕቅዱ ተቀመጠ፤ ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ የክትባት ዶዝም ካምፓላ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆየ። ያው በሽታ ጥር 30 ቀን 2025 እንደገና ሲታወጅ የክትባቱ ጥናት የካቲት 3 ቀን ተጀመረ። በ2022 ሳምንታት ያልበቁለት ሥራ በ2025 በ4 ቀን ተጀመረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር።

4. ጥያቄ ባለመመለሱ የቀረ፡ ካምቦዲያ

እ.ኤ.አ. በ2004 በካምቦዲያ ቴኖፎቪር የተባለ ክኒን የኤች.አይ.ቪ. መያዝን ይከላከል እንደሆነ ለማወቅ ጥናት ታቀደ። መድኃኒቱ ቫይረሱ ላለባቸው ሰዎች ሕክምና የሚያገለግል ነበር። ለጥናቱ የተፈለጉት ቫይረሱ የሌለባቸው 960 በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ማኅበር ነበራቸውና ተሰብስበው ጠየቁ፡- «ክኒኑ ቢጎዳን ጥናቱ ካለቀ በኋላ ማን ያሳክመናል? ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሕክምና ዋስትና ይሰጠን።» የረካ መልስ አላገኙም። በሐምሌ ወር ባንኮክ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ ተቃውሞ ተሰማ። በነሐሴ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሴን ጥናቱን አስቆሙ። አንዲትም ሴት አልገባችበትም።

ክኒኑስ ምን ሆነ? በጎረቤቶቻችን በኬንያና በኡጋንዳ 4,747 ጥንዶች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት ተፈተነ። ከጥንዶቹ አንደኛው ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላኛው የሌለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት ቴኖፎቪር ብቻውን የመያዝን ዕድል በ67 በመቶ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በ75 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2012 አሜሪካ ጥምር ክኒኑን ለመከላከያነት ፈቀደች።

እንግዲህ የካምቦዲያ ሴቶች ተሳስተው ነበር ልንል ነው? ይህን በጥንቃቄ እንመልከት። መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ መገኘቱ ጥያቄያቸውን ስሕተት አያደርገውም። በ2004 መልሱን ማንም አያውቅም ነበር፤ ቢታወቅማ ጥናት ባላስፈለገ። አንድ ሰው ለሌሎች ጥቅም ሲል አካሉን ለሙከራ ሲሰጥ «ብጎዳ ማን ያስታምመኛል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። በሌላ በኩል ጥናቱ በመቅረቱ የታጣ ነገርም አለ፤ መልሱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ጥፋቱ ሕዝቡን አስቀድሞ ካለማነጋገር ላይ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ከኅብረተሰቡ ጋር ከመጀመሪያው እንዲመክሩ የሚያዝዝ መመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር በኩል ወጣ።

5. በወሬ የቀረ፡ ጋና

እ.ኤ.አ. በ2015 በጋና ሆሆዬ በተባለች ከተማ የኢቦላ ክትባት ሊሞከር ታቀደ። ጋና ውስጥ ኢቦላ አልነበረም። ሕዝቡ «በሽታውን ሊያስገቡብን ነው» ብሎ ፈራ፤ ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ፤ በሰኔ ወር ሥራው ታገደ። ክትባቱ ግን በሽታውን የሚያመጣውን ሕያው የኢቦላ ቫይረስ የያዘ አልነበረም። ፍርሃቱ የመጣው ከሰው ሞኝነት አይደለም፤ ማስረዳቱ ከወሬው ኋላ በመድረሱ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ገንዘብ ማለቁ፣ መድኃኒቱ በጊዜ አለመድረሱ፣ ዋናው ተመራማሪ ሥራ መልቀቁ፣ ፈቃደኛ ሰው መታጣቱ ጥናት ሳይጀመር የሚያስቀሩ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው።

6. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ጥናት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር የሚከተሉትን ጠይቁ፤

— ጥናቱን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቀደው? በየትኛው መዝገብ፣ በስንት ቁጥር ሰፈረ?
— በሚገባኝ ቋንቋ የተጻፈ ወይም የሚነበብልኝ ወረቀት አለ?
— ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? እስከ መቼ?
— ከገባሁ በኋላ ልተው ብል እችላለሁ?
— ጥናቱ ቢቀር ማን መጥቶ ይነግረናል?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትርሱ። ሰው ሰብስቦ የተናገረ፣ ሲቀርም ሰው ሰብስቦ ምክንያቱን መናገር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 በሄልሲንኪ የወጣው የሐኪሞች መግለጫ እንደሚያስተምረው መሳተፍ በፈቃድ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም። «ካልፈረምክ ራሽንህ ይቆማል» ወይም «ከፈረምክ ኬዝህ ይፈጥናል» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ጣታችሁን ቀለም አታስነኩ፤ ለኮሚኒቲው መሪና ለጥበቃ ክፍል ተናገሩ። ልጆችን በተመለከተ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅ ደግሞ ራሱም ሊጠየቅ ይገባል።

መልመጃ

1. «የተሰረዘ» እና «የተቋረጠ» በምን ይለያያሉ?
2. የኢቦላ ወረርሽኝ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው በሽተኛ ከዳነ በኋላ 2 ጊዜ 21 ቀን ሲቆጠር ነው። ከኅዳር 30 ቀን 2022 እስከ ጥር 11 ቀን 2023 ያሉትን ቀናት ቁጠሩና አረጋግጡ። (ኅዳር 30 ቀን፣ ታኅሣሥ 31 ቀን ነው።)
3. ከ142 በሽተኞች 55ቱ ሞቱ። በመቶኛ ስንት ይሆናል?
4. ለውይይት፡- የካምቦዲያ ሴቶች ማኅበር አባል ብትሆኑ ኖሮ ምን ቢመለስላችሁ ትስማሙ ነበር? መልሱን እቤት ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያይታችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ።