በፀሐይ ለተጎዳ ቆዳ የሚቀቡ ዕፅዋት፦ የሚጠቅሙትና የሚጎዱት

አምባ ጊዮርጊስና አካባቢዋ ብርድና ንፋስ የማይለያቸው ደጋ በመሆናቸው ብዙዎቻችን ፀሐይ ይጎዳናል ብለን አናስብም። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ንፋሱ ሙቀቱን ስለሚያስረሳ፣ ገብስ ሲያጭድ የዋለ ገበሬም ሆነ ገበያ የዋለች እናት መጎዳታቸውን የሚያውቁት ማታ ፊታቸው ሲለበልባቸው ነው። ያን ጊዜ እጃችን ወደ ጓሮ ይዘረጋል። ታዲያ የትኛው ተክል ይጠቅማል? የትኛውስ ይጎዳል?

እሬት፦ ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል ተንጠፍጥፎ ይታጠብ። ከዚያም ተልጦ ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ በስሱ ይቀባል። ቆዳን ያቀዘቅዛል፤ ድርቀትንም ይቀንሳል። አስቀድሞ ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል። ውኃ በቋጠረ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን አይደረግ።

የወይራ ዘይት፦ ለምግብም ለቅባትም መዋሉ በሐዲስ የተወሳ ነው። የደረቀና የተላጠ ቆዳን ያለሰልሳል። ሆኖም ትኩስ ቃጠሎ ላይ ዘይትም ሆነ ቅቤ አይቀባም፤ መጀመሪያ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይብረድ። ቅባቱን ከውዱእ በኋላ መቀባት ይመረጣል፤ በፊት ከተቀባ ውኃው ያጥበዋልና።

ሎሚና ጤና አዳም፦ ለማድያት ብለው ሎሚ ጨምቀው ፊታቸውን የሚቀቡ እህቶች አሉ። ይህ አደገኛ ነው። የሎሚም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ጠባሳው ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። ማድያትን ሊያጠፉ ፈልገው ሌላ ጥቁረት ይጨምራሉ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የትኛውም የጓሮ ቅባት ፀሐይን አይጋርድም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በተቻለ መጠን ጥላ መፈለግ፣ ባርኔጣ ማድረግ፣ ሰፊ ልብስ መልበስ ይገባል። በተለይ ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ ልጆች ለቆዳ ካንሰር እጅግ የተጋለጡ ስለሆኑ ያለ መከላከያ ፀሐይ ላይ መዋል የለባቸውም። በአንድ ወር ውስጥ ያልዳነ ቁስል ካለ ቅባት መደራረቡን ትተን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።