ፆታና አጠራር፦ ከምክር ቤት እስከ መማሪያ ክፍል



የጀርመን ፖለቲከኛ በምክር ቤቱ ፊት ሲናገር ሰውን በሥራው በጠራ ቁጥር መምረጥ ይኖርበታል። በቋንቋው አስተማሪው «ሌረር»፣ አስተማሪዋ «ሌረሪን» ናት፤ በብዙ ቁጥርም ልዩነቱ አይጠፋም። ስለዚህ አንዳንዱ ሁለቱንም ይጠራል፣ አንዳንዱ በወንዱ ብቻ ያልፋል፣ በጽሑፍ ደግሞ በቃሉ መሀል ኮከብ የሚያስገቡ አሉ። ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ የባቫርያ ክፍለ ግዛት መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኮከቡን ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ጽሑፍ አግዷል። ለመተማ ልጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ላይም በዓረብኛ ወንዱ «ኡስታዝ»፣ ሴቷ «ኡስታዛ» ናቸው።

የእኛስ? አማርኛ በብዙ ቁጥርና በአክብሮት ፆታ አይለይም። «እነሱ መጡ»፣ «እርስዎ ተናገሩ»፣ የጎንደሩ «አንቱ»ም ጭምር፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሲሆኑ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» የሚለው አጠራር አንድ ፊደል እንኳ መለወጥ አላስፈለገውም። ከግዕዝ የመጣው «ክቡር» ግን ይለያል፤ በ2011 ዓ.ም. ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሲሆኑ «ክብርት ፕሬዚዳንት» ተባሉ። በንግግር መክፈቻ «ክቡራንና ክቡራት» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው።

ችግሩ ያለው ነጠላ ቁጥር ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «ማንኛውም ሰው» ብሎ «መብት አለው» ይላል እንጂ «አላት» አይልም። ስለሆነም በአንቀጽ 7 በወንድ ፆታ የተጻፈው ሴትንም እንደሚጨምር ደነገገ። ለዳኛ ይህ ይበቃዋል። ለስምንት ዓመቷ ልጅ ግን አንቀጽ 7ን ማን ያነብላታል?

እንግዲህ ነገ ሸኸዲ ወይም ቋራ ተመድበን «እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን ያውጣ» ካልን ሴቶቹን ዘለልናቸው ማለት ነው። «ደብተራችሁን አውጡ» ብንል ሁሉም ተጠራ፤ አዲስ ቃልም ኮከብም አላስፈለገንም። የሒሳቡ ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቃናም። «አንድ ገበሬ 12 ኩንታል ሰሊጥ ሸጠ» እንላለን፤ አርማ ያጨደችውስ እናት? እዚህ ብዙ ቁጥር አያዋጣም፤ ዛሬ «ሸጠ» ካልን ነገ «ሸጠች» ማለት አለብን። አንዳንድ ጓደኞች ይህ ጥቃቅን ነገር ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ልጅ ራሷን በጥያቄው ውስጥ ካላገኘች መልሱንም የሌላ ሰው ጉዳይ ታደርገዋለች።

ለሳምንቱ ውይይት፦ «ጥሩ መምህር ተማሪውን ያውቃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማንም ሳይቀር በሁለት መንገድ ጽፋችሁ ኑ።