በቼሳፒክ ድልድይ አዕማድ ሥር

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ሥር በካያክ ሆኜ ሳጠምድ አንዳንድ ጊዜ ዓሣው ይረባረባል፤ እዚያው ቦታ ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል። ስለ ምን?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፣ ምሥጢሩ ከቦታው ይልቅ በውኃው እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የዚህ ድልድይ አዕማድ ዛጎል ለብሰው ለሸርጣንና ለደቂቅ ዓሦች መጠጊያ ስለ ሆኑ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ወራጁ ከዓምዱ ተጋጭቶ በስተኋላው ለዘብ ያለ አዙሪት በፈጠረ ጊዜ፣ ስትራይፕት ባስ የተባለው ዓሣ ኃይሉን ሳያባክን በዚያ ቆሞ የሚያልፈውን ሲሳይ ይጠባበቃል፤ ነጭ ፐርች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወለሉ ተጠግቶ ይለቅማል። ውኃው በሙላትና በጉድለት መካከል ቀጥ ሲል ግን ማዕዱ ይነሣል።

ስለዚህ መንጠቆዎን ወራጁ ከሚመጣበት ከዓምዱ ወገን ጥለው ወራጁ ራሱ ወደ አዙሪቱ እንዲያወርደው ይተዉት፤ ለፐርች ትንሽ መንጠቆና የትል ቁራጭ ይበቃል። ካያክዎን ከዓምድ ጋር አይሰሩ፤ መልሕቅም ከጎን አይጣሉ፤ ከጎኑ የታሰረውን ወራጁ ይገለብጠዋልና። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብሱ መውጣት፣ በእኔ ፍርድ፣ ድፍረት ሳይሆን ስንፍና ነው። የስትራይፕት ባስ የመጠንና የወቅት ገደብ ስለሚለዋወጥ አስቀድመው የሜሪላንድን ደንብ ይመልከቱ። ለምጣድ ከሆነ ግን እኔ ፐርቹን እመርጣለሁ።