በበጋ በግቢያችን በርሜል ውስጥ ምን ይኖራል?

ክረምት ሲባል ለእኛ ዝናብ ነው፤ ለአውሮፓውያን ግን በረዶ ነው። እነርሱ ጓሯቸው በበረዶ በተሸፈነበት ወቅት ድሬ ዳዋ በጋ ላይ ናት፤ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይታያል። በከዚራ ዛፎች ሥር ጅራቷን ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ከሰሜኑ ብርድ ሸሽታ መጥታ ነፍሳት ትለቅማለች። እርሷን መመልከት ደስ ያሰኛል፤ ዛሬ ግን ዓይናችንን የምናሳርፈው በግቢያችን ጥግ በቆመው የውሃ በርሜል ላይ ነው።

ለረጅም ዘመን የወባ ትንኝ ከዝናብ ጋር ተያይዛ ስትታወቅ ቆይታለች። በአገራችን ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው በአብዛኛው ዝናብ በተወው ኩሬ ውስጥ በመሆኑ፣ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ይሁን እንጂ መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር የሆነ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ሌላ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በቀብሪደሃር ተገኘች። ይህች ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ የውሃ ታንከርና የግንባታ ጉድጓድ ይበቃታል። ውሃ በምናጠራቅምበት በደረቁ ወቅት የምትመቻት ከተማ እኛው ራሳችን እናዘጋጅላታለን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ወራት በድሬ ዳዋ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከ2019 ተመሳሳይ ወራት ከ10 እጥፍ በላይ ጨመረ። ተመራማሪዎች በድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያና በከተማው ሰፈር ባደረጉት ጥናት ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አገናኙት፤ ውጤቱም በ2023 ታትሟል።

እንግዲህ ወደ በርሜሉ እንቅረብ። ጥላችን ውሃው ላይ እንዳያርፍ እንጠንቀቅ፤ እጮቹ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች ይሰምጣሉና። ጥቂት ደቂቃ ታግሰን በነጭ ኩባያ ከገጹ ላይ እንቅዳ። የአኖፊለስ እጭ የመተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት እንደ ተጣለ ስንጥር በውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብላ ትታያለች። የኩሌክስና የኤደስ እጮች ግን በጅራታቸው በኩል ባለው ቱቦ አየር እየሳቡ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ይንጠለጠላሉ። ይህ ልዩነት በዓይን ብቻ ይታወቃል። ጋደም ያለችው ስቴፈንሳይ ትሁን ወይስ አረቢየንሲስ ለመለየት ግን ማይክሮስኮፕ ወይም የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም።

የተንጠለጠሉትንም አንናቃቸው። ኤደስ ዴንጊን ታስተላልፋለች፤ ድሬ ዳዋ በ2013 ይህን በሽታ አይታለች፣ በ2019 ደግሞ ችኩንጉንያን። የኤደስ እንቁላል በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለወራት ድርቀትን ይቋቋማል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ ግድ ነው። በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ትንኝ ያለው ጉዞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ሥራው በየሳምንቱ ይደገም፤ ክዳኑም ክፍተት የሌለው ይሁን።

በደብተራችን ቀኑን፣ የውሃ መያዣውን ዓይነት፣ የጋደሙትንና የተንጠለጠሉትን ብዛት እንመዝግብ። ጋደም ያሉ ከተገኙ ለአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናሳይ። በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቀጭን፣ ጎባጣ፣ ባዶ ቅርፊት ካጋጠመን ደግሞ ዘግይተናል፤ ባለቤቷ ክንፍ አውጥታ ሄዳለች።